የቅጠል ክቦቹ አልሰምጥ፣ ከሰመጡም አልነሳ ላሏችሁ፦ ብርሃን ፎቶሲንተሲስን ምን ያህል እንደሚያፈጥን ቤት ውስጥ መለኪያ

በቀጥታ ልግባ። ከቅጠል ላይ ትናንሽ ክብ ትቆርጣላችሁ፣ በሲሪንጅ አየሩን ታወጣላችሁ፣ ክቦቹ ውሃ ውስጥ ይሰምጣሉ፣ ከዛ ብርሃን ሲያገኙ ስንት ደቂቃ ቆይተው ወደ ላይ እንደሚወጡ ትቆጥራላችሁ። ቅጠሉ ብርሃን ሲያገኝ ምግቡን እየሰራ (ፎቶሲንተሲስ የሚባለው ይሄው ነው) ኦክስጅን ያወጣል፣ ኦክስጅኑ ቅጠሉ ውስጥ ባሉት ክፍተቶች ይጠራቀምና ክቧን ያነሳታል። ብርሃኑ ጠንከር ሲል ቶሎ ትነሳለች፣ ደከም ሲል ትዘገያለች፣ ነገርዬው ይሄው ነው።

ግን የፕሮጀክት ሰሞን በደረሰ ቁጥር ድሬ ውስጥ የምሰማው ሮሮ አንድ አይነት ነው፦ «አልሰራም»። ሁሉም መብራቱን ነው የሚጠረጥረው፣ አምፖል ይቀይራል፣ ያስጠጋል፣ ያርቃል። አቦ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ሳይበራ ገና ቅጠሉ፣ ውሃውና ሲሪንጁ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ችኮላ ያለበት ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ትኩስ የቆስጣ ቅጠል፣ ሁለት ሶስት
- ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ እመለስበታለሁ)
- ላርጎ ወይም ሌላ ፈሳሽ የእቃ ሳሙና
- የታሸገ ውሃ፣ አንድ ሊትር
- ከፋርማሲ አዲስ ሲሪንጅ፣ 10 ወይም 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ። መርፌው አያስፈልግም፣ ያለ መርፌ ስጡኝ በሉ፣ አብሮ ከመጣም ክዳኑን ሳትከፍቱ ፋርማሲው ጋ መልሱት፣ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ አይቀመጥ
- የወረቀት መብሻ፣ ከሌለ ወፈር ያለ ስትሮ
- ጎናቸው ውስጡን ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ብርጭቆዎች፣ ሁሉም አንድ አይነት
- 15 ዋት ወይም ከዛ በላይ የሆነ ኤልኢዲ አምፖል ከነ መያዣው
- ማስመሪያ፣ ፎይል፣ የስልክ ሰዓት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ

1. ቅጠሉን በጠዋት ግዙ

ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ከሆነ የምትገዙት በጠዋት ሂዱ፣ ሐረር ያላችሁ ሸዋ በር ገበያ ታገኛላችሁ፣ አየሩም ቀዝቀዝ ስለሚል ትንሽ ይቀላችኋል። ድሬ ላይ ግን ቆስጣው እኩለ ቀን ድረስ ፀሐይ ላይ ከዋለ አለቀለት። የጠወለገ ቅጠል ውሃውን ላለማጣት ሲል የሚተነፍስባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ስቶማታ የምንላቸውን፣ ይዘጋል። እነሱ ሲዘጉ ደግሞ የሲሪንጁ ውሃ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ክቡ አይሰምጥም። ሻጯ ውሃ ስለረጨችበት ብቻ ትኩስ መስሎ የሚታይ አለ፣ እሱን በእጃችሁ እጠፍ አድርጉት፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ጥሩ ነው፣ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ተዉት።

ቤት ስትደርሱ የግንዱን ጫፍ ቆረጥ አድርጉና ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ጥላ ቦታ። ስራውን ከመጀመራችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል አምፖሉ ስር አቆዩት። ይቺን ደረጃ ሁሉም ይዘላታል፣ ስቶማታው የሚከፈተው ግን በሷ ነው።

ሌላ ቅጠልስ? ስፒናች ካገኛችሁ አሪፍ ነው፣ ለጋ የቦሎቄ ቅጠልም ይሄዳል። ጎመን ላዩ ላይ ሰም መሳይ ነገር ስላለው ውሃ አያስጠጋም፣ ያስቸግራል። የዱባ ቅጠል ፀጉራም ስለሆነ አየር ይይዛል። የማንጎና በየመንገዱ ያለው የኒም ቅጠል ጠንካራ ነው፣ አትልፉ። ጫት ይሆናል ወይ የሚል ደግሞ አይጠፋም (ድሬ ነው ያለነው)፣ ቅጠሉ ወፍራምና አንፀባራቂ ነው፣ ተቆርጦም ውሎ ነው እጃችሁ የሚገባው፣ ለሌላ ስራው ተዉት።

2. ውሃውን አዘጋጁ

የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ስር ምን እንደሚያስቀር ሁላችንም እናውቃለን፣ ያ ነጭ ነገር ካልሲየም ነው። ሳሙናው በደንብ እንዳይሰራ ያደርጋል፣ ሶዳው ሲገባበትም ውሃው ሊደፈርስ ይችላል። ለአንድ ሊትር ብላችሁ አትሰስቱ፣ ሃይላንድ ግዙ።

ሀ. መጀመሪያ ሐ ላይ ያለውን ውሃ ለዩ፣ ከዛ በአንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፣ ሚዛን ከሌለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ያውም ሙሉ ሳይሆን ጎደል ያለ። ሶዳው ለቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሆነውን ነው የሚያቀርበው። ብዙ ሲሆን የሚፈጥን የሚመስላቸው አሉ፣ አይደለም፣ ቅጠሉን ይጎዳዋል።

ለ. በሌላ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎ በጥብጡ። ከዚህ ከተበጠበጠው ሶስት ጠብታ ብቻ ወደ ሊትሩ ጣል አድርጉና ቀስ ብላችሁ አማስሉ። ላርጎውን በቀጥታ ከጠርሙሱ አትጨምሩ። የሳሙናው ስራ ውሃው የቅጠሉን ቆዳ እንዲያርስ መርዳት ብቻ ነው፣ አረፋ ካስነሳ በዝቷል ማለት ነው፣ አረፋው ክቦቹ ላይ እየተለጠፈ በውሸት ያንሳፍፋቸዋል።

ሐ. ከሶዳው በፊት ትንሽ ውሃ በሌላ ብርጭቆ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ እሱ ውስጥ ሳሙናው ብቻ ይገባል፣ ሶዳ የለውም። ለማነፃፀሪያ ይፈለጋል።

*ሶዳ ይሁን ፓውደር ካልታወቃችሁ፦* ቆንጠር አድርጋችሁ ንፁህ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ዝም ብሎ ከሟሟ ሶዳ ነው፣ ከተንተከተከ ቤኪንግ ፓውደር ነው፣ ውስጡ አሲድ አለበት። በሎሚ አትሞክሩት፣ በሎሚ ሁለቱም ይንተከተካሉ።

3. ክቦቹን ቁረጡ

ለእያንዳንዱ ብርጭቆ 10 ክብ ያስፈልጋል። አራት የብርሃን መጠን ልታወዳድሩ ከሆነ 40፣ ለሁለቱ ማነፃፀሪያ (አንዱ ሶዳ የሌለው፣ አንዱ በፎይል የሚሸፈን) 20፣ ለመጠባበቂያ 10 ጨምሩበት፣ 70 መሆኑ ነው። ወፍራሙን የቅጠል ጅማት አትንኩ፣ ጅማት ያለበት ክብ ይከብዳል፣ ሌሎቹ ሲነሱ እሱ ታች ይቀራል።

ከዛ ሁሉንም አንድ ሳህን ላይ ቀላቅሉ። ከአንደኛው ቅጠል የመጣውን ሁሉ ለአንድ ብርጭቆ፣ ከሌላኛው ለሌላ ካደረጋችሁ የምታወዳድሩት ብርሃኑን ሳይሆን ቅጠሎቹን ነው። ሳህኑ ላይ ሶዳ ከሌለው ውሃ ትንሽ ጠብ አድርጉበት፣ እንዳይደርቁ።

4. ሲሪንጁ (ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ነው)

1) መግፊያውን አውጡና 10 ክቦች ውስጥ አስገቡ። መግፊያውን መልሳችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉ፣ ክቦቹን እንዳትጨፈልቁ ትንሽ ቦታ ተዉላቸው።

2) ከሶዳው ውሃ እስከ ግማሽ ሳቡ። ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከላይ የቀረውን አየር ግፉና አውጡ። አየር ከቀረ የምትስቡት እሱን ነው፣ ከቅጠሉ ምንም አይወጣም።

3) ጫፉን በጣታችሁ ግጥም አድርጋችሁ ዝጉና መግፊያውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ 10 ሰከንድ ያህል ይዛችሁ ቆዩ። በደንብ ካያችሁ ከክቦቹ ጠርዝ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲወጣ ታያላችሁ። እየያዛችሁ ሲሪንጁን ነቅነቅ አድርጉት፣ አረፋው ይላቀቅ።

4) ጣታችሁን ልቀቁ። አየሩ በወጣበት ቦታ ውሃው ይገባል፣ ያን ጊዜ የክቡ ቀለም ይቀየራል፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የነበረው ጠቆር ይልና ውሃ የጠጣ ይመስላል። ይሄ ምልክት ነው፣ ጠቆር ያላለ ክብ ገና ነው።

5) ሁለት ወይም ሶስቴ ድገሙት። ክቦቹ ቀስ እያሉ ሲሪንጁ ስር መውረድ ይጀምራሉ። ሲወርዱ አቁሙ። «አንዴ ደግሞ ለእርግጠኝነት» እያሉ ስድስት ሰባቴ መሳብ የለም፣ ቅጠሉ ይጎዳል፣ የተጎዳ ቅጠል ደግሞ ይሰምጥላችኋል ግን ፀሐይ ብታወጡትም አይነሳም።

*ሶስቴ ስባችሁም አልሰምጥ ካሉ፦* መጀመሪያ ጣታችሁ አየር እያሾለከ እንዳይሆን እዩ፣ መግፊያውን ስትለቁት ወደ ፊት ተመልሶ የማይሄድ ከሆነ እያሾለከ ነው። እሱ ደህና ከሆነ ከተበጠበጠው ሳሙና አንድ ጠብታ ጨምሩ። አሁንም እምቢ ካሉ ቅጠሉ ነው፣ ስቶማታው ተዘግቷል፣ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ፣ ሌላ መላ የለውም።

*ከአስሩ ሁለቱ ብቻ እምቢ ካሉ፦* እነሱን ጣሉና ከመጠባበቂያው ተኩ። ለዛ ነው ትርፍ የቆረጥነው።

ሶዳ ለሌለው ማነፃፀሪያ ብርጭቆ የሚሆኑትን 10 ክቦች ደግሞ ሶዳ በሌለው ውሃ በዚሁ መንገድ አስምጡ። የሰመጡትን ሁሉ፣ ተራቸው እስኪደርስ፣ ካርቶን ውስጥ ጨለማ ላይ አስቀምጡ። ጠረጴዛ ላይ ብርሃን እያገኙ ከጠበቁ ሰዓት ሳትጀምሩ ስራቸውን ይጀምራሉ።

5. ብርሃኑን አስተካክሉ

ማታ ስሩት። ቀን ከሆነ የድሬ ፀሐይ በመጋረጃም በኩል ገብታ ከአምፖላችሁ ልትበልጥ ትችላለች፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያራቃችሁት ብርጭቆ ብርሃን ያገኘው ከመስኮቱ ይሆናል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሌላ መብራት አጥፍታችሁ ስትሰሩ ሙቀቱም በረድ ይላል።

አምፖሉን ከላይ ወደ ታች እንዲያበራ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ከጎን አይሁን፣ ክቦቹ ታች የተኙ ስለሆኑ ከላይ ነው መምታት ያለበት። አምፖሉ አይንቀሳቀስ፣ ብርጭቆውን በመፅሐፍ ከፍና ዝቅ አድርጉት። የሚለካው ርቀት ከአምፖሉ እስከ ክቦቹ እንጂ እስከ ብርጭቆው አፍ አይደለም። ሁሉም ብርጭቆ ውስጥ የሚገባው ውሃ ከፍታ እኩል ይሁን፣ 3 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። ሶኬትና ውሃ ጎን ለጎን ስላሉ ብርጭቆ ስትቀይሩ እጃችሁን አድርቁ።

ርቀቱን 10፣ 15፣ 20 እና 30 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው የሚወርደው፣ በ10 ላይ ያለውን 1 ካልነው በ20 ላይ 1/4፣ በ30 ላይ 1/9 ነው። ከ10 በታች አታስጠጉ፣ አምፖሉ ራሱ ሰፊ ስለሆነ ቅርብ ላይ ይሄ ሂሳብ አይሰራም። ኢንተርኔት ላይ 40 እና 50 የሚሉ መመሪያዎች አሉ፣ በትልቅ መብራት ነው፣ በቤት አምፖል እዛ ርቀት ላይ ብታድሩም ላይነሳ ይችላል።

የድሮ የክር አምፖል ያላችሁ ሰዎች ባትጠቀሙት ደስ ይለኛል፣ የሚያወጣው ብዙው ሙቀት ነው፣ በመጨረሻ ብርሃን ይሁን ሙቀት ያፈጠነው አይታወቅም። እሱ ብቻ ካለ በአምፖሉና በብርጭቆው መሃል ውሃ የሞላ ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን አድርጉ፣ ሙቀቱን ይይዝላችኋል።

ብርጭቆዎቹንም ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ትሪ ውስጥ አቁሟቸው፣ በተለይ ግንቦትና ሰኔ ከሆነ። በረዶ ግን አትጨምሩ። ከተቻለ ቴርሞ ሜትር ከተው 25 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩት፣ ዋናው ሁሉም ብርጭቆ እኩል መሆኑ ነው።

መብራት የለም? በጠዋት ፀሐይ ይሰራል፣ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው። ብርጭቆዎቹን ደጅ አውጡና አንዱን ክፍት ተዉት፣ አንዱን በአንድ ሽፋን የነጠላ ጨርቅ፣ ሌላውን በሁለት፣ ሌላውን በአራት ሽፋን ሸፍኑ። ሁሉም አንድ ጊዜ መጀመር አለባቸው፣ ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስለምትሄድ አንዱን አሁን ሌላውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብሎ ማወዳደር አይቻልም። ስልካችሁ ላይ የላክስ (የብርሃን መጠን) መለኪያ አፕ ካለ ከእያንዳንዱ ጨርቅ ስር ምን ያህል እንደሚገባ እዩና ፃፉ።

6. ቁጠሩ

መብራቱ እንደበራ ሰዓቱን አስነሱ። በየደቂቃው ብርጭቆውን ቀስ ብላችሁ ዞር ዞር አድርጉ፣ ስሩ ላይ የተለጠፈ ካለ እንዲለቅ፣ ከዛ ላይ የወጡትን ቆጥራችሁ ፃፉ። ባዶም ቢሆን 0 ብላችሁ ፃፉ። የምንፈልገው ከአስሩ አምስቱ የተነሱበትን ደቂቃ ነው። በ7ኛው ደቂቃ 4፣ በ8ኛው 6 ከሆነ 7.5 ብላችሁ ያዙ። የመጨረሻዋን ክብ አትጠብቁ፣ ሁሌም አንድ ሰነፍ አለች፣ በሷ ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ ትቀመጣላችሁ።

በደህና ብርሃን አምስቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይነሳሉ። ራቅ ያለው ላይ እስከ 30 ደቂቃ ታገሱ፣ ከዛ በኋላ አቁሙና «በ30 ደቂቃ አልተነሳም» ብላችሁ ፃፉ። እዚህ ጋ «ፎቶሲንተሲስ የለም» ብላችሁ እንዳትፅፉ። ቅጠሉ እየሰራ ሊሆን ይችላል፣ ግን ራሱም ኦክስጅን ይጠቀማል፣ የሚሰራውና የሚጠቀመው እኩል ከሆነ የሚጠራቀም ስለሌለ ክቧ አትነሳም። መምህሩ ጥያቄ ካነሳ የሚያነሳው እዚች ጋ ነው።

ሁለቱን ማነፃፀሪያዎች በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ሞክሩ፦ አንደኛው ሶዳ የሌለው፣ ሁለተኛው ሶዳ ያለው ግን ዙሪያውንም ላዩንም በፎይል የተሸፈነ። በፎይል ያለው መነሳት የለበትም። ከተነሳ ክቦቹን ያነሳቸው ብርሃን አይደለም፣ አረፋ ነው፣ ሳሙናው በዝቷል ወይም ውሃው ሞቋል፣ ከደረጃ 2 ጀምራችሁ ድገሙ፣ የሌሎቹንም ውጤት አትመኑት።

*ክቦቹ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ግልብጥ ብለው ከተነሱ፦* ደስ አይበላችሁ፣ በደንብ አልሰመጡም ነበር።

*ከክቡ ስር ትልቅ አረፋ ተለጥፎ ካያችሁ፦* ከብርጭቆው ግድግዳ የመጣ ነው፣ በስትሮ ጫፍ ነካ አድርጉት፣ አረፋው ሲሄድ ክቡ ከወረደ አትቁጠሩት።

*መሃል ላይ መብራት ከሄደ፦* ቆይቶ ሲመጣ ካቆሙበት መቀጠል የለም። ያ ዙር ተበላሽቷል፣ መጠባበቂያዎቹን አስምጡና ያንን ርቀት ብቻ ድገሙ።

7. መልሳችሁ ጨለማ ውስጥ ክተቷቸው

የተነሱትን ክቦች ካርቶን ውስጥ አስገቡና አልፎ አልፎ ከፈት አድርጋችሁ እዩ። ቀስ በቀስ መልሰው ይሰምጣሉ፣ ምክንያቱም ብርሃን ሲጠፋ ኦክስጅን መስራት ያቆማሉ፣ መተንፈስ ግን አያቆሙም፣ የተጠራቀመውን ይጨርሱታል። ከመነሳቱ ይልቅ ይሄኛው ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ አትቸኩሉ። ለፕሮጀክት ይሄን ጨምሮ ያቀረበ ተማሪ ከሌላው ይለያል።

8. ግራፉ

ደቂቃውን እንዳለ አታስቀምጡ። ደቂቃ ሲበዛ ፍጥነት ያንሳልና ግራፉ ይገለበጥባችኋል። 1ን ለደቂቃው አካፍሉ፦ 8 ደቂቃ ከሆነ 0.125፣ 16 ደቂቃ ከሆነ 0.0625። በ30 ደቂቃ ያልተነሳውን 0 አታድርጉት፣ ከግራፉ ስር ለብቻው ፃፉት። ከታች የብርሃኑ መጠን፣ ከጎን ይሄ ፍጥነት ይሁን።

መስመሩ ቀጥ ብሎ ካልወጣ አትደንግጡ፣ ቀጥ ማለትም የለበትም። መጀመሪያ ላይ ብርሃን ሲጨምር ፍጥነቱ አብሮ ይጨምራል፣ እየቆየ ግን ጎበጥ ይልና ይተኛል። ወፍጮ ቤት ደጅ ላይ የቱንም ያህል እህል ቢከመር ወፍጮው ከሚፈጨው በላይ እንደማይፈጨው፣ ቅጠሉም ካርቦን ዳይኦክሳይዱና ሙቀቱ ከፈቀደለት በላይ ብርሃን ቢያገኝ አይጠቀምበትም። በአምፖል ብቻ ከሰራችሁ መስመሩ ላይተኛ ይችላል፣ የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ላክስ ስትደርስ የቤት አምፖል በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ከዛ በብዙ ያንሳል። በቀትር ፀሐይ ላሳየው የምትሉ ደግሞ ድሬ ላይ ብርጭቆው ቶሎ ይሞቃል፣ ውጤቱን የሚያበላሸው ሙቀቱ ነው።

9. ቀለም ልሞክር ለምትሉ

ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ሴሎፋን ጠቅልሎ መሞከር ይቻላል፣ ግን ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ክሎሮፊል (ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር) ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በደንብ ይወስዳል፣ አረንጓዴውን ያነሰ፣ ጨርሶ አይወስድም ማለት ግን አይደለም፣ ስለዚህ አረንጓዴው ስር ያሉት ዘግይተውም ቢሆን ሊነሱ ይችላሉ፣ ስህተት ሰራሁ ብላችሁ አትቅደዱት።

ሁለተኛ ነገር፣ ሴሎፋኑ ቀለም ብቻ አይደለም የሚቀይረው፣ የብርሃኑንም መጠን ይቀንሳል፣ አንዱ ከሌላው ጠቆር ሊል ይችላል። በስልክ አፕ ለክቼ አስተካክላለሁ እንዳትሉ፣ ላክስ የሚባለው መለኪያ በሰው ዓይን ልክ የተሰራ ነው፣ ዓይናችን ደግሞ አረንጓዴ ላይ ነው በጣም የሚበረታው፣ ስለዚህ አፑ አረንጓዴውን አጋኖ ሰማያዊውን አሳንሶ ይነግራችኋል። የነጠላው ሙከራ ላይ የብርሃኑ ቀለም አንድ አይነት ስለሆነ ነው ተጠቀሙበት ያልኩት። ለቀለም ግን «የሴሎፋኖቹን የብርሃን መጠን አላስተካከልኩም» ብላችሁ ሪፖርቱ ላይ በግልፅ ፃፉና ውጤታችሁን አስቀምጡ፣ ሴሎፋኖቹንም ቆርጣችሁ ከጎኑ ለጥፉ፣ ያየው ሰው የትኛው እንደሚጠቁር ራሱ ይፈርዳል።